ልጄ ሁለት ወር አለፋት፣ የኪሮሽ ሥራዬን ላቁም?

ጥያቄ፦ ኪሮሽ እየሠራሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አዲስ አበባ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። በብዛት የምሠራው የሕፃን ልብስ ነው፤ ቦርሳና ሻልም አለ። መስከረም ላይ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። አራስ ቤት ሆኜም ትዕዛዝ መቀበል አላቆምኩም። አሁን ቀብድ የወሰድኩባቸው 9 ትዕዛዞች አሉብኝ፣ አራቱ ለገና ነው የሚፈለጉት። ገንዘቡን ለክርና ለክርስትናዋ ዝግጅት አውጥቼዋለሁ። እናቴ ከክርስትናው በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ትመለሳለች። ልጄ ስትተኛ እሠራለሁ ብዬ ነበር፣ ግን እሷ ስትተኛ እኔንም ይጥለኛል። ባለቤቴ "ተይው፣ ማን አስገደደሽ?" ይለኛል። ላቁም ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ፣ ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል? ቀኝ እጄን ደግሞ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል።

ምላሽ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽን በጤና ታሳድግልሽ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሥራሽን አታቁሚ። ትዕዛዝ መቀበል ግን ዛሬውኑ አቁሚ።

የእጅ ሥራ እየሠሩ የሚሸጡ እናቶችን ሳማክር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። የሚያደክማቸው በሰው ቀን መሥራታቸው ነው። ደንበኛዋ "ለታኅሣሥ 27 አድርሺልኝ" ትላለች፣ አንቺም እሺ ትያለሽ። ልጅሽ ታኅሣሥ 25 ልታተኩስ ትችላለች። ወይም ያለ ምንም ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ትላለች። ያኔ ከልጅሽም ከደንበኛሽም ሳትሆኚ ትቀሪያለሽ። ያለቀ ዕቃ ብቻ ስትሸጪ ግን ልጅሽ ብትታመም የሚቀርብሽ የዚያ ሳምንት ሽያጭ ነው። ይቅርታ የምትለምኚው ሰው የለም።

ስለዚህ ለሚመጡት ወራት መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይሸጣል። በልክ የሚሠራ የለም። "ይቺኑ በሮዝ አድርጊልኝ" የሚባል ነገር የለም። ቻናልሽ ላይ "እስከ ጥምቀት ማግስት አዲስ ትዕዛዝ አልቀበልም፤ ያለቁ ዕቃዎችን ግን እዚሁ እለጥፋለሁ" ብለሽ ጻፊና ከላይ ፒን አድርጊው። ከጥምቀት በኋላም ብትሆኚ በልክ ወደሚሠራ ነገር ለመመለስ አትቸኩዪ።

በእጅሽ ያሉት ዘጠኙ

ቅድሚያ ግን ዕዳው ይውጣ። ቀብድ ስለተቀበልሽ "አልችልም፣ ይቅር" ማለት ብቻ አይበቃም። ብዙ ሻጮች የማያውቁት ነገር ልንገርሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ፣ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሰጠው ሰው ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። ለአንድ የሕፃን ሹራብ ፍርድ ቤት የሚሄድ አለ እያልኩሽ አይደለም። ቀብድ እንደ ዋዛ የሚታይ ገንዘብ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። ተነጋግሮ ቀን መቀየር ግን ይቻላል። የተስማማችሁትም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ዘጠኙንም ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። ከእያንዳንዱ ጎን የቀረውን የሥራ ሰዓት ገምቺ። ከዚያ ግምቱን በሁለት አባዢው። የምትገምቺው ከመውለድሽ በፊት በነበረሽ ፍጥነት ነውና። ለገና ከሚፈለጉት አራቱ ውስጥ እናትሽ ሳትሄድ ስንቱ ያልቃል? ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። ለቀሩት ሰባት ደንበኞች ዛሬ ማታ ጻፊላቸው። ነገ ካልሽ ገና ይደርሳል፣ ያኔ የሚመጣው ንዴት ደግሞ ሌላ ነው። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

"ሰላም እህቴ። ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው፣ ሥራዬ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያዘዝሽውን ሹራብ ጥር 25 አደርስልሻለሁ። ቀኑ ካልተመቸሽ የከፈልሽውን 600 ብር እስከ ታኅሣሥ 10 እመልስልሻለሁ። የቱ ይሻልሻል?"

ቀን አለው፣ የብር መጠን አለው፣ ምርጫ አለው። "በቅርቡ" የሚል ቃል የለበትም። የምጥሽም የሌሊት እንቅልፍሽም ታሪክ የለበትም። አብዛኞቹ፣ በተለይ የወለዱት፣ ቀኑን ይቀበሉሻል። አንድ ሁለት ሰው ገንዘቡን መልሺልኝ ሊልሽ ይችላል። እሱን ከክርስትናው ወጪ ቀንሺ። መቼስ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል በግ አትገዙም።

ወደፊት ቀብድ የምትቀበዪ ከሆነ ከክሩ ዋጋ አታሳልፊው። ለብቻው በተከፈተ ሒሳብም ይቀመጥ። ዕቃው ደንበኛዋ እጅ እስኪገባ ድረስ ያ ገንዘብ ያንቺ አይደለም።

በእውነት ስንት ሰዓት አለሽ?

"ስትተኛ እሠራለሁ" የሚለውን ዕቅድ ሁሉም ሰው ያወጣዋል። እስቲ እንቁጠረው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ እሹሩሩው አልተቆጠረም። እሷ ስትተኛ መተኛትሽ ስንፍና አይደለም። የተሠራሽው እንደዚያ ነው፣ ተኚ።

አንድ ሳምንት ብቻ ይህን ሞክሪ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፊ። የኪሮሽ መርፌውን ባነሳሽ ቁጥር ሰዓቱን ጻፊ፣ ስታስቀምጪም ጻፊ። ሳምንቱ ሲያልቅ ደምሪው። የመጣው ቁጥር ሳያሳዝንሽ አይቀርም። ከእሱ ላይ ግማሹን ብቻ የሥራ ሰዓቴ ነው ብለሽ ያዢ፣ ዕቅድሽንም በዚያ አውጪ። ሌላው ግማሽ የልጅሽ ነው። የእሷ ካልሆነ ደግሞ የእንቅልፍሽ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በሥራሽ ውስጥ የሚቋረጥ ሥራ አለ፣ የማይቋረጥ ሥራም አለ። ኋላ ተገጣጥሞ ቦርሳ የሚሆነውን ቀለል ያለ ካሬ መሥራት ይቋረጣል። ስታለቅስ የመጨረሻዋን ቋጠሮ በመርፌ ቁልፍ ያዢያትና ተነሺ፣ አትፈታም። ይልቅ የሚጠፋብሽ ቆጠራው ነው። ስንተኛው ዙር ላይ እንደነበርሽ እዚያው ወረቀት ላይ ጫር አድርጊ። ገበር መቁረጥ፣ ዚፕ መግጠም፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ማንሳት፣ መርካቶ ወርዶ ክር መግዛት ግን አይቋረጡም። እነዚህ ሌላ ሰው ልጅቷን በያዘበት ሰዓት ብቻ ይሠሩ።

ስለዚህ እናትሽ ባለችባቸው በእነዚህ ሳምንታት ቁጭ ብለሽ ካሬ አትሥሪ። ካሬውን በኋላም ልጅሽ አጠገብሽ ተኝታ ትሠሪዋለሽ። አሁን የሦስት ወር ክርሽን ግዢ፣ ገበሩን በሙሉ ቁረጪ፣ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ ፎቶ አንሺ። እናትሽ ስትሄድ የማይቋረጠው ሥራ አብዛኛው አልቆ ይቆይሽ።

ምን ትሥሪ?

የሚከተሉት ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፣ አንቺ የራስሽን አስገቢባቸው። እንበልና ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ ያለው የሕፃን ሙሉ ልብስ በ1,800 ብር ትሸጫለሽ። ክሩ 600 ብር ነው። 14 ሰዓት ይፈጃል። የቀረሽ 1,200 ብር ነው፣ በሰዓት ወደ 86 ብር ማለት ነው። ከ13 ካሬ የሚገጣጠም ቦርሳ ደግሞ በ2,400 ትሸጫለሽ። ክር፣ ገበርና ማንጠልጠያ 900 ብር ወሰደ። 10 ሰዓት ፈጀ። በሰዓት 150 ብር አገኘሽ። ትንሿ ኮፍያ በ550 ተሸጠች፣ ክሯ 130 ነው፣ በ3 ሰዓት አለቀች። በሰዓት 140 ብር።

ይህን ሒሳብ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ። ብዙ ላይክ የሚያመጣው፣ ሰው "ዋው" የሚለው ሙሉ ልብስ አነስተኛ የሚከፍላቸው እሱ ሆኖ ያገኙታል። በዚያ ላይ ልክ ይጠይቃል፣ ቀለም ያማርጣል፣ "ትንሽ ጠበበብኝ" ተብሎም ይመለሳል። ይቅርብሽ። ቢያንስ ልጅሽ ዓመት እስኪሞላት።

እኔ ብሆን አንድ ቦርሳና አንድ ኮፍያ ብቻ እይዝ ነበር፣ በሦስት ቀለም። ቦርሳውን የመረጥኩት በካሬ ስለሚሠራ ነው። ለለመደ እጅ አንድ ካሬ በአንድ የቀን እንቅልፍ ያልቃል። ትልቅ ሹራብ ሲቋረጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሳምንት ቆይተሽ ስታነሺውም እጅሽ ስለሚለወጥ አንዱ ወገን ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ካሬ ግን ያለቀ ነገር ነው። ቅርጫት ውስጥ ይጠራቀማል። 13 ሲሞላ፣ ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው ሲገኝ፣ በአንድ ቁጭታ ትገጣጥሚዋለሽ።

ካሬው ሌላም ጥቅም አለው። ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሰፈርሽ ውስጥ ኪሮሽ የምትችል ልጅ አትጠፋም። ክሩንም መርፌውንም ካንቺው ስጫት። ስንት ቁጥር መርፌ እንደሆነ አረጋግጪ፣ አንቺ በ4 ሚሊ ሜትር እየሠራሽ እሷ በ3.5 ከሠራች ካሬዎቹ አይገጥሙም። አንድ የናሙና ካሬ ሠርተሽ ከካርቶን ላይ ስፊላት፣ የእሷን በዚያ ላይ እያስቀመጠች ትለካ። ክፍያው በካሬ ይሁን፣ ቁጥሩንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። መገጣጠሙንና ማሳመሩን ግን ለማንም አትስጪ። የእጅሽ ስም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ገበያው ወቅት በአጭሩ። ለዘንድሮ ገና አትሩጪ፣ አልፎሻል። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ቦርሳ ይሄዳል፣ ያለሽን ያህል ሽጪ። ዋናው ዝግጅትሽ ለፋሲካ ይሁን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያን ሁሉ ቀን በቀስታ ማጠራቀም ትችያለሽ።

ቴሌግራሙ

ከኪሮሹ ይልቅ ጊዜሽን የሚበላው ስልክሽ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በተለይ ይቺ "ዋጋ በኢንቦክስ" የምትባል ልማድ! ሃያ ሰው "ስንት ነው?" ይልሻል፣ ለሃያውም ትመልሻለሽ፣ አስራ ስምንቱ ይጠፋል። ዋጋውን ከፎቶው ሥር ጻፊ። መጠኑን፣ የቀረውን ብዛት፣ የዴሊቨሪ ክፍያውንና ገንዘቡ በቴሌብር ይሁን በባንክ የሚገባበትንም እዚያው ጻፊ። መልስ የምትሰጪበትን ሰዓትም ወስኚ፤ ለምሳሌ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እያጠባሽ ለደንበኛ አትመልሺ። አንዴ ከመለስሽ በየሌሊቱ ትጠበቂያለሽ።

እጅሽ

ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህን ሕመም በኪሮሽ ሠሪ አራሶች ላይ ብዙ አይቻለሁ። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱ ጅማቶች የእጅ አንጓ ላይ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። ልጅ በማንሳትና በኪሮሽ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገም ይቆጣሉ። አውራ ጣትሽን በአራቱ ጣቶችሽ ውስጥ ጨብጪና እጅሽን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ቀስ ብለሽ እጠፊው። አንጓሽ ላይ ስል ሕመም ከተሰማሽ ሐኪም ይየው፣ አታቆዪው። እስከዚያው ልጅሽን ስታነሺ አውራ ጣትሽን ከፍተሽ ከብብቷ ሥር አትያዣት። መዳፍሽን አንዱን ከመቀመጫዋ፣ ሌላውን ከአንገቷና ከጭንቅላቷ ሥር አድርገሽ እቀፊያት። መያዣው ወፈር ያለ መርፌም ያግዛል። ሕመሙ ካልቀነሰ ለአንድ ሁለት ሳምንት ኪሮሹ ይቁም። ቀናቱን ረዘም አድርገሽ ለደንበኞችሽ እንድትሰጪ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ስለ ክር አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለቤትሽም ለደንበኞችሽም ነው። ቀጭን ክር ወይም ፀጉር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ያለ ምክንያት አልቅሳ እምቢ ስትልሽ ካልሲዋን አውልቂና የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ እዪ። የምትሸጪውንም ካልሲ ወደ ውስጥ ገልብጠሽ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ካለ ቅበሪው። ኮፍያ ላይ አገጭ ሥር የሚታሰር ረጅም ክር አታድርጊ።

ባልሽ

"ተይው" ያለሽ ክፋት ኖሮት አይመስለኝም። ድካምሽን እያየ የሚለው አጥቶ ነው። ግን "እርዳኝ" ብቻ ብትዪውም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የተቆረጠ ሥራ ስጪው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ልጅቷ የእሱ ናት፣ አንቺ ደግሞ በር ዘግተሽ ቦርሳ ትገጣጥሚያለሽ። የተሸጠውን ለሞተረኛ ማስረከብና ገንዘቡ መግባቱን ማረጋገጥም የእሱ ይሁን። አስቀድመሽ ጡትሽን አልበሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። የታለበ ወተት በማይሞቅ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የእኛን መብራት ግን ታውቂዋለሽ፣ መጥፋት ከጀመረ የ4 ቀኑን አትመኚው። ለሦስት ሰዓትማ ክፍል ውስጥ ያለውም ይበቃል።

ለሚቀጥለው

ተቀጥረሽ ቢሆን ኖሮ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው ይሰጥሽ ነበር። ለራሷ የምትሠራ ሴት ግን ይህን የሚሰጣት አሠሪ የለም። አራስ ቤት ሆነሽ ትዕዛዝ የተቀበልሽው በዚህ ይመስለኛል፣ አልፈርድብሽም። ሁለተኛ ልጅ ስታስቢ ያንን ክፍያ ለራስሽ ከአሁኑ አዘጋጂ። እቁብ ካለሽ ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ለዳኛው ቀድመሽ ተናገሪ፤ ዕጣው ሳይወጣ በችግር መስጠት በብዙ እቁብ የተለመደ ነው፣ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ መቀያየርም ይቻላል። እቁብ ከሌለሽ ከእያንዳንዱ ቦርሳ 200 ብር እያነሳሽ ለብቻ አስቀምጪ።

ዋጋው

ጨምሪ። ቀድሞም የሰዓትሽን ሒሳብ ሳትሠሪ ነው ዋጋ ያወጣሽው። አንዳንድ ደንበኛ ይሄዳል፣ እውነት ነው። ግን አሁን በወር ልትሠሪ የምትችዪው ምናልባት አራት አምስት ቦርሳ ነው። ለአምስት ቦርሳ አምስት ገዢ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሃምሳ አይደለም። ኮፍያውን በአንድ ጊዜ ከ550 ወደ 700 ብታደርጊው የሚያጉረመርም ይኖራል፣ የሚገዛም ይኖራል። ስትጨምሪ ማብራሪያ አታብዢ፣ "ክር ስለተወደደ፣ ስለወለድኩ" ማለት አያስፈልግም። አዲሱን ዋጋ ከፎቶው ሥር ጻፊና ተዪው። በእጅሽ ያሉትን ዘጠኙን ግን በተስማማሽበት በድሮው ዋጋ ጨርሺ፤ የዘገየሽው አንቺ ስለሆንሽ የዴሊቨሪውንም አንቺው ቻዪላቸው።